ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት፦ ብዙ ስለ ሄዱ አሮጌ መኪኖች የማርሽ ችግር



የዛሬውን ንግግር በራሴ ስሕተት ልጀምር። ታላቅ ወንድሜ በጎንደርና በማክሰኝት መካከል ሰው የሚያመላልስበት ሚኒባስ አለው፤ ሰው ሁሉ «ዶልፊን» የሚለው የቶዮታ ሃይስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ ደወለልኝ። ማርሽ ሲያስገባ እንደሚንጫጫ፣ አንደኛና የኋላ ማርሽ ደግሞ ካልተገደዱ እንደማይገቡ ነገረኝና «አንተ ይህን አይደል የምታስተምረው? ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። እኔም መኪናውን ሳላይ፣ ድምፁንም ሳልሰማ በስልክ ፈረድሁ። «ካምቢዮው አልቋል፤ ሲንክሮናይዘሮቹ ተበልተዋል» አልሁት። የመኪናው እርጅና ራሱ ማስረጃ ሆኖ ታይቶኝ ነበር።

ወንድሜ የእኔን ቃል አመነ። የደረሰውን እቁብ ይዞ አዲስ አበባ ሄደ፤ ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ አስጭኖ መጣ። አሮጌው ወረደ፣ የተገዛው ተሰቀለ። ሞተሩ ተነሥቶ የኋላ ማርሽ ሲገባ እንደ በፊቱ ተንጫጫ። በሦስተኛው ቀን፣ ተሳፋሪ ጭኖ ከማክሰኝት ሲመለስ፣ ፀዳ ላይ ጭራሽ ማርሽ አልገባ ብሎት ቆመ። ከመንገዱ ዳር የነበረ አንድ ወጣት መካኒክ መጣና የፍሪሲዮኑን ፔዳል ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ እንዲረግጥ አዘዘው። ወንድሜ ረገጠ፤ ማርሹ ያለ ምንም ድምፅ ገባ። ወጣቱ ከሥር ገብቶ ሲያይ የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። በውስጡ ያለች አንዲት ትንሽ ጎማ አልቃ ነበር። እርሷን ለውጦ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ከሰዓት በኋላው ሳያልቅ ሸኘው።

አሮጌውን ካምቢዮ በኋላ ፈትቼ አየሁት። ሲንክሮናይዘሮቹ ደኅና ነበሩ። ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ፤ በወርክሾፑ ጥግ፣ ጎኑ ተቆርጦ ማስተማሪያ የሆነው ያ ካምቢዮ የወንድሜ እቁብ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ «የካምቢዮ ችግር» ተብሎ የሚመጣው ነገር ብዙ ጊዜ መነሻው ከካምቢዮው ውጭ ነው፤ ዕድሜው ግን ከመመርመር ያዘናጋናል። ካምቢዮ ማውረድና መፍታት የመጨረሻው እርምጃ መሆን ሲገባው እኛ የመጀመሪያው እናደርገዋለን።

ይህ ለእኛ ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። አዲስ መኪና በቀላሉ በሚገዛበት አገር፣ የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ካለፈ መኪናው ወደ ብረታ ብረት ክምር ይሄዳል። በእኛ ዘንድ ይህ ስሌት አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ታክሳቸው እንዲጨምር አደረገ፤ ጣሪያውንም 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪኖች በአብዛኛው ማርሽ የሚቀያየርበት ካምቢዮ ስለሌላቸው፣ አንድ ቀን ይህ ንግግሬ ራሱ ለሙዚየም ይበቃ ይሆናል። እስከዚያው ግን በመንገዶቻችን ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች እንጀራ የሚበላባቸው ናቸውና ይጠገናሉ እንጂ አይጣሉም። ስለዚህ ምርመራው የስንት ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል፤ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ተምረው ጋራዥ ሲገቡ ግራ ይጋባሉና። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሊማሊሞን መንገድ በገደሉ ላይ ጠርበው ሠሩ፤ ጎንደርም እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ የመጨረሻ ምሽጋቸው ነበረች። ሠራዊቱ ተሸንፎ ሄደ፤ መንገዱና የመካኒኩ ቋንቋ ቀሩ። ይህን ቋንቋ የሚንቅ መሐንዲስ ከመካኒኩ ምንም ሊማር አይችልም፤ እኔም በወጣትነቴ ከሚንቁት አንዱ ነበርሁ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ሞተር ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ የዙር ክልል ውስጥ ነው። ካምቢዮ በትልልቅና በትንንሽ ጥርሶች ጥንድ አማካይነት ያንን ዙር ለዳገት ወደ ጉልበት፣ ለሜዳ ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። ፍሪሲዮን ደግሞ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሆኖ፣ ማርሽ በምንቀይርበት ቅጽበት ሁለቱን ያለያያል። ሲንክሮናይዘር የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከነሐስ መሰል ብረት የተሠራ ቀለበት ነው፤ ሊገናኙ ያሉትን ሁለት ክፍሎች በሰበቃ ፍጥነታቸውን አስተካክሎ በሰላም ያጋጥማቸዋል። ሥራውን የሚሠራው ግን የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ከሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲላቀቅ ብቻ ነው። ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልለቀቀ ሞተሩ ዘንጉን መግፋቱን ይቀጥላል፤ ያች ቀጭን ቀለበት ከመላው ሞተር ጋር ትታገላለች። የምንሰማው መንጫጫት የዚህ ትግል ድምፅ ነው። ሾፌሩ እያስገደደ ለወራት ቢነዳ ቀለበቱ በእርግጥ ይበላል፤ የትንሿ ጎማ በሽታ ያን ጊዜ የካምቢዮ በሽታ ይሆናል። ወንድሜ ቶሎ ስለ ደወለ አሮጌው ካምቢዮ ተርፎ ነበር፤ ያላተረፍሁት እኔ ነኝ።

በእኛ አገር መልክዓ ምድር ይህ ሁሉ ይባባሳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር፣ ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ይላሉ። በጎንደር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው፤ በደባርቅ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ሌላ ቦታ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣውን ዳገት የእኛ ሾፌር በሁለተኛ ይወጣዋል፤ በአንድ ጉዞ የሚቀያይረው ማርሽና የሚረግጠው ፍሪሲዮን ብዙ ነው። «መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ እኔን ብዙም አይማርከኝም። ቆጣሪው የቆመ ወይም የተነካካ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም እንኳ በሜዳ የተሄደ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትርና በሊማሊሞ የተሄደ መቶ ሺህ አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቶ ሁሉንም ማርሽ ማስገባትና ማውጣት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ ከገባ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ግን ከተንጫጫ ወይም እምቢ ካለ፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ ፍሪሲዮኑ ነው። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ለውጥ ካመጣ ጥፋቱ በዘይት ግፊቱ መስመር ላይ ነው፤ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ከላይኛው ወይም ከታችኛው ፓምፕ ጎማ አልቋል። የፀዳው ወጣት ያደረገው ይህንን ነው፤ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ ከከበደ ግን ከመቀየሪያው እጀታ እስከ ካምቢዮው ያለውን ማያያዣ፣ የደረቀውንና የላላውን መጋጠሚያ ማየት ይገባል። ጠዋት በብርድ ብቻ ከብዶ ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ከሚገባው በላይ ወፍራም ሊሆን ይችላል፤ ደባርቅ የሚያድር መኪና ይህን ያውቀዋል።

የሚንጫጫው አንድ ማርሽ ብቻ ሲሆን፣ ለምሳሌ ሁለተኛው ብቻ፣ ሌሎቹ ግን ደኅና ሲሆኑ፣ ያን ጊዜ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ፍሪሲዮን ለሁሉም ማርሽ አንድ ነውና አንዱን ለይቶ አይጎዳም። የኋላ ማርሽን ግን በዚህ አትመዝኑት። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ፔዳሉን ረግጦ ዘንጉ እስኪቆም ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ይበቃዋል።

ድምፅም ራሱ ይናገራል። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ ሲሠራ የሚሰማ ጉርምርምታ ፔዳሉ ሲረገጥ ከጠፋ፣ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘንጉ ይቆማልና። በተቃራኒው ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ የፍሪሲዮኑ መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው። በየትኛውም ማርሽ፣ በዜሮም ጭምር፣ ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ዋይታ ከሆነ ደግሞ ከካምቢዮው በስተኋላ ያለውን እዩ፤ ረጅሙን ዘንግና ክሮቼራውን፣ ዲፈረንሻሉን፣ የጎማ ኩሽኔታዎችን።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። ማረጋገጫው፣ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን በደንብ ይዞ፣ ከፊት ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ በአራተኛ ማርሽ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ደኅና ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ያለቀው ሞተሩን ማሠራቱን ይቀጥላል። አንዴ ብቻ ይሞከር፤ መደጋገም የቀረውንም ያቃጥላል። ማርሽ በራሱ እየወጣ ሲያስቸግር ደግሞ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ፣ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት መያዣዎች ማለቃቸውን ከመወሰን በፊት ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚይዙትን ጎማዎች መመልከት ተገቢ ነው። የተቀደደ ጎማ ሞተሩን ሲያንቀሳቅሰው እጀታውም አብሮ ይጎተታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዘይቱ ይመጣል። የካምቢዮን ዘይት የሚጠይቅ ሰው አላየሁም ብል ማጋነን ቢሆንም ከእውነቱ ብዙ አልርቅም። ዘይቱን በንጹሕ ሣህን አፍስሶ ማየት ደም እንደ መመርመር ነው። በማግኔቱ ቡሽ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር በአሮጌ መኪና የተለመደ ነው። ወርቅ የመሰለ ብልጭታ ከታየ ሲንክሮናይዘሮቹ እየተበሉ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ፣ እነሆ አሁን ካምቢዮው ይፈታ።

ዘይት ሲገዛም «የካምቢዮ ዘይት» ማለት አይበቃም። ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል ከባድ ጫና የተዘጋጀ ስለሆነ የድኝና የፎስፈረስ ቅመሙ ይበዛል። ቁጥሩ ከፍ ስላለ የተሻለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ለጂኤል-4 በተሠራ ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ቀለበቶቹ የሚፈልጉትን ሰበቃ ሊያሳጣቸው፣ አንዳንዱም ቢጫውን ብረት ሊበላው ይችላል። የአምራቹን መመሪያ ማየት ነው።

ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ የምለው አጭር ነው፤ በከተማችን የቪትዝ ቁጥር በዝቷልና ግን አልዘለውም። እዚህ ፍሪሲዮን ፔዳል የለም፤ ኃይሉ የሚተላለፈው በዘይት ነው፤ ስለዚህ ሙቀት ዋናው ጠላቱ ነው። እንደ ግምታዊ ሕግ፣ የሙቀት መጠኑ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ይህ ዘይት በብዙ መኪኖች የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ ባለች ቧንቧ ነው። በጎንደር ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አስቡ። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ፣ በውስጡም የወንዝ ውኃ ብቻ የተሞላ ከሆነ፣ ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ካምቢዮውም አብሮ ይቀቀላል። ዝገት ያችን ቧንቧ ከበሳት ደግሞ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ ዘይቱ ወተት የተጨመረበት ሮዝ ቀለም ይይዛል። ይህን ያየ ሰው መኪናውን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይንዳው።

«አሮጌ አውቶማቲክ ዘይቱ ከተለወጠ ይሞታል» የሚል አባባል ከሾፌሮች ትሰማላችሁ። ብዙዎች ዘይቱን የሚለውጡት ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሟቹን የገደለው የመጨረሻው ሐኪም መስሎ ይታያል። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፤ ዘይቱ ጠቁሮ ማርሾቹ ግን ደኅና ከሆኑ ይለወጥ፤ ነገር ግን በግፊት መሣሪያ አይታጠብ። በታችኛው ቡሽ ሲፈስ የሚወጣው ከግማሽ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥቂት ሳምንት እያሳለፉ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ይሻላል። ዘይቱ የተቃጠለ ከሸተተና መኪናው የሚንሸራተት ከሆነ ግን አዲስ ዘይት ገንዘብ መድፋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ከተሠሩት ቪትዞች ብዙዎቹ በጥርስ ፈንታ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ እንዳላቸውና የራሱ የተለየ ዘይት እንደሚያስፈልገው አትርሱ፤ የተለመደው አውቶማቲክ ዘይት አይሆንለትም።

አሁን ስለ ሁለት ልማዶቻችን ልናገር። አንደኛው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ መውረድ ነው። ሦስት ቶን የሚመዝን የተጫነ ሚኒባስ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ ወደ 29 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል፤ ይህ መቶ ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውኃ እስከ መፍላት የሚያደርስ ሙቀት ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ከተወረደ ብዙውን ሞተሩ ይይዘዋል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ሁሉም በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል አብሮ ይጠፋል። ለሕይወት አደገኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት በካምቢዮው ላይ የሚሆነውን ነው። የኋላ ጎማ በሚነዳው መኪና ካምቢዮ ውስጥ፣ ዘይቱን ወደ ላይ የሚረጨው በሞተሩ የሚዞረው የታችኛው ዘንግ ነው። ሞተሩ ሲጠፋና ማርሹ ዜሮ ሲሆን ይህ ዘንግ ይቆማል፤ ከጎማዎቹ ጋር የተያያዘው የላይኛው ዘንግ ግን በሙሉ ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል፤ ያለ ዘይት።

ሁለተኛው ልማድ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ የቆመን መኪና በገመድ አስሮ ከደባርቅ ጎንደር ድረስ መጎተት። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና ከሆነ ረጅሙን ዘንግ ፈትቶ ማውረድ፣ እንደ ቪትዝ የፊት ጎማ የሚነዳው ከሆነ ፊቱን አንሥቶ መጎተት ወይም መጫን ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ በሞተሩ የሚሠራ ስለሆነ፣ ለትንሽ ብልሽት የተጎተተ መኪና ካምቢዮው ነዶ ሊደርስ ይችላል። ከዚያም ባለቤቱ «ካምቢዮው በዕድሜ ሞተ» ይላል።

ወንድሜ ስለ እቁቡ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። የተገዛው ካምቢዮ አሁንም መኪናው ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ አዲስ ድምፅ መጣ አለኝ። «ፔዳሉን ስትረግጥ ነው ወይስ ስትለቅ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ስትረግጥ» አለኝ። ቅዳሜ ፀዳ እንገናኛለን፤ እኔ ከሥር እገባለሁ፣ ያ ወጣትም ይኖራል።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።